የክፉዋ ልጅ ማንኪያ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲያበቃ ምን ያህል ይሆናል? ይህን የሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚፈልገው ከሚታይ ነገር ላይ ነው፤ ከሠራው ቤት፣ ከወለዳቸው ልጆች፣ ትቶት ከሚያልፈው ስም። እማማ ስሂንን በቅርብ ያወቀ ሰው ግን ጥያቄው በመጣበት ቁጥር ልቡ ወደ አንዲት ማንኪያ መሄዱ አይቀርም። የሾርባ ማንኪያ ናት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሁሉ ነገር በአንድ ዶላር ከሚሸጥበት ሱቅ የተገዛች፣ ጌጥ የሌላት። እጀታዋ ጫፍ ላይ የተበሳች ቀዳዳ አለች። በቀዳዳዋ ነጭ ክር ገብቶ፣ ክሩ በእማማ ስሂን ቀኝ እጅ አንጓ ላይ ይታሰራል። በዓመት አንድ ቀን፣ በፋሲካ።

እማማ ስሂን የሚኖሩት ከልጃቸው ከጸዳለና ከልጅ ልጃቸው ከቤዛዊት ጋር ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ካለ አፓርትመንት። ጸዳለ ፋርማሲ ትሠራለች። ቤዛዊት እዚያው የተወለደች፣ በአማርኛ ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት። በአቅራቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ፣ ለበዓል ግን ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ይዘው፣ ድልድዩን ተሻግረው ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ድረስ ይሄዳሉ። ጸዳለ ስለ መንገዱ ርዝመት ባጉረመረመች ቁጥር እማማ ስሂን፣ «አገሩ በገባሁ የመጀመሪያ ቀን ካፖርት ያለበሱኝን ሰዎች ለመንገድ ቅርበት ብዬ አልተውም» ይሏታል፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

በፋሲካ ዕለት እኩለ ቀን ላይ የአሌክሳንድሪያው ደብር አዳራሽ ምሳ ይበላል። ሌሊቱን ቅዳሴ የቆመው ሰው ቤቱ ገብቶ ጾሙን ፈትቷል። ሆቴል፣ ፓርኪንግና ሆስፒታል የሌሊት ሽፍት የነበረባቸው ደግሞ ዩኒፎርማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ከሥራ በቀጥታ ወደዚያ ይመጣሉ። የሁዳዴ ጾም ገና ሆዳቸው ውስጥ እንዳለ ነው። ከፊታቸው ዶሮ ወጡ፣ ቅቅሉ፣ ጥብሱ ተደርድሯል። በእነሱና በምግቡ መካከል ደግሞ አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ በአንድ እጃቸው የተልባ ማሰሮ አቅፈው፣ በሌላው ማንኪያቸውን አንጠልጥለው ይቆማሉ። ወጣቶቹ «ኬላ» ይሏቸዋል።

«እማማ፣ ዛሬ እንኳ ያሳልፉኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሰው መኪና ሳቆም ነው ያደርኩት።»

«እንኳን አደረሰህ። አፍህን ክፈት።»

«በሞቴ፣ እማማ!»

«በሞቴ እዚህ አይሠራም። ክፈት።»

«ፓስፖርት ይዣለሁ እኮ!» ይላል ከኋላ ያለው።

«ቪዛ የለህም። ተራህን ጠብቅ።»

ሰልፉ በሳቅ ይፈርሳል። ቤዛዊት አፍራ ወደ ጆሯቸው ትጠጋለች። «ግራንማ፣ ፕሊዝ። ሰዎች እየሳቁ ነው።»

«ይሳቁ እንጂ። የሳቀ ሰው አፉን ይከፍታል።»

ሦስት ማንኪያ የተልባ ውሃ ነው። አንዱን ካጎረሱ በኋላ ጉሮሮው ሲወርድ ዓይናቸውን ተክለው ያያሉ፤ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። መቸኮል የለም። ከሦስተኛው በኋላ ትከሻውን ቸብ አድርገው ያሳልፉታል። ሆድን በተልባ ማለስለስ ማንም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ የሚገርመው ሰው አልነበረም። ብርጭቆ እያለ ለምን በማንኪያ፣ ማንኪያዋስ ለምን ከእጅ ጋር ታስራ የሚለውን ግን የጠየቀ አልነበረም። የአሮጊት አመል ተብሎ ታልፏል። የሰው ልጅ ብዙ ነገሩ አመል ተብሎ ይታለፋል፤ ከአመሉ በታች ምን እንደተቀበረ የሚቆፍር የለም። አለመቆፈሩ ምናልባትም ቸርነት ነው።

እማማ ስሂን ልጅነታቸው ያለፈበትን ያን ቦታ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «አሸዋው» ነበር የሚሉት።

አሸዋው በሶማሌ ባሕር ዳር ጣሊያን ሐበሾችን ያጎረበት የእስረኛ ሰፈር ነው። ልጅቱ ስሂን እዚያ የደረሰችው ገና አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላት፣ አባቷ ከተገደለ በኋላ፣ ከእናቷ ጋር ነው። ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ብስኩቱ ትል አለው፣ ወባው አይጣል ነው። እናቷ እዚያው አረፈች። ከዚያ በኋላ ልጅቱ ማንም የላትም፤ ያገኘችው ሰው አጠገብ ትተኛለች።

በ1933 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት ጠባቂዎቹ አልነበሩም። ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ካሚዮኖች መጡ። ወታደሮቹ ያዩትን ማመን አልቻሉም። ደግ ሰዎች ነበሩ። የያዙትን የቆርቆሮ ሥጋ፣ ብስኩትና ጣፋጭ እየከፈቱ ላገኙት ሁሉ አደሉ። የኛ ሰው ደግሞ፣ እህል እጁ ሲገባ ብቻውን መብላት አያውቅም። መቆም የሚችሉት መቆም ወደማይችሉት እየዳሁ ሄዱ። በዚያ ሰፈር ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጉርሻ ተጎራረሱ። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» «አፈር ስሆን፣ ይቺን ድገም!» የሚል ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ልጅቱ የተኛችበት ዳስ ውስጥ አጸደ የምትባል ሴት ወንድሟን ነጋን ታጎርሰው ነበር። ነጋ አጥንትና ቆዳ ነው። በበላ ቁጥር ሳቀላት፤ በሳቀ ቁጥር ጨመረችለት።

ነጋ በማግስቱ ጠዋት አልነቃም። በዚያ ጠዋት ያልነቁት ብዙ ነበሩ።

ከጦሩ ጋር የመጣ አንድ ሕንዳዊ ሐኪም ነበር፤ ከሲታ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ። እሱ ሲደርስ የሆነው ሆኗል። የቀረውን ሥጋ ሁሉ አስሰበሰበ። ጣሊያንኛ በሚያውቅ እስረኛ አስተርጓሚነት፣ ብዙ ጊዜ የተራበ ገላ ጠግቦ እንደሚውል ገላ አይደለም፣ ምግብ ሲጎርፍበት ልቡ ይቆማል፣ እህልን እንደ አዲስ ማስተማር ያስፈልጋል አለ። መጀመሪያ ስኳርና ጨው የገባበት ውሃ፣ ቀጥሎ የቀጠነ ወተት፣ ከዚያ ቀጭን አጥሚት። በማንኪያ። እየቆዩ። የሚረዱትን እጆች ሲመርጥ ግን ሁሉንም ያስገረመ ጥያቄ ጠየቀ፤ «እዚህ ውስጥ ዘመድ የሌለው ማነው?»

ዘመድ ያለው ሰው መከልከል አይችልም ብሎ ነው። አጸደን በነጋ ሬሳ ላይ አይቷታል።

ልጅቱ እጇን አወጣች። ሐኪሙ ማንኪያ ሰጣት፤ እጀታዋን በምስማር በስቶ፣ በፋሻ ክር ከእጇ አንጓ ጋር አሰረላት። ሁለቱም እጆቿ ሰው ለመደገፍ ነፃ እንዲሆኑ፣ ማንኪያዋም አሸዋ ላይ እንዳትወድቅ ነበር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከበሽተኛ በሽተኛ እየዞረች በማንኪያ አጎረሰች፤ ማጉረስ ቀላሉ ነገር ነበር። የሥራዋ ትልቁ ክፍል ማቆም ነው። አፍ ተከፍቶ እያየች፣ ዓይን እየተከተላት፣ ወደሚቀጥለው ሰው መሄድ።

ከእነዚያ አፎች አንዱ የመንገሻ ነበር። አጥንተ ትልቅ ሰው፣ አርበኛ ሆኖ የተማረከ፣ ድምፁ ብቻ ያልከሳ። አንድ ቀን ተራውን ከጨረሰ በኋላ ቀሚሷን ያዘ።

«ድገሚኝ።»

«ቆይቼ እመጣለሁ።»

«ልጄ፣ ድገሚኝ። በእናትሽ።»

«እናቴ የለችም» አለችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከቀሚሷ ላይ አላቀቀች።

«እጅሽ ይድረቅ!» ብሎ ጮኸ ሰውየው። «ሥጋ እያለ ውሃ የምታጠጪን! ይቺ እጅሽ ከነማንኪያዋ ትድረቅ!»

ተመልሳ መጣች፤ አጎረሰችው፤ እሱም ዋጠ። ዓይኑን ግን አላነሳላትም። ትንሽ እንደሰነበተ ትኩሳት ያዘው። ካሚዮን መጥቶ ትኩሳት ያለባቸውን ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ሲጭን መንገሻም ተጫነ፤ ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። ይዳን፣ ይሙት አላወቀችም።

ስሂን አዲስ አበባ ገብታ አደገች። ሆስፒታል ተቀጥራ ቁስል አጣቢ፣ ኋላም ድሬሰር ሆነች፤ ጡረታ እስክትወጣ ስንት ሰው ደገፈች። አግብታ ጸዳለን ወለደች፤ ባሏን ቀበረች። አርበኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ «መንገሻ የሚባል፣ ከአሸዋው የተመለሰ ታውቃላችሁ?» ብላ ሳትጠይቅ አላለፈችም። ብዙ መንገሻዎች ነበሩ። እሱ አልነበረም። እርግማን ደግሞ እንግዳ ነገር ነው፤ የረገመው ሰው በሕይወት ካለ አንድ ቀን ሊያነሳው ይችላል፤ ሞቶ ከሆነ ግን የሞተው ረግሞ ነው፤ ከእንግዲህ ይቅር የሚል አፍ የለም። የተማረ ሰው ይህን ይንቀዋል። ቢንቀውም ግን በየራሱ ደረት ውስጥ እንዲህ ያለ ያልተፈታ አንድ ድምፅ የሌለው ሰው ስንት ይገኛል?

ሲልቨር ስፕሪንግ ከገቡ በኋላ የእማማ ስሂን ቀኝ እጅ መኮማተር ጀመረ። ጣቶቻቸው ጠዋት ጠዋት አልዘረጋ ይላሉ። ሐኪሙ አርትራይተስ ነው አለ። ጸዳለ ክኒን አመጣች፣ ቅባት አመጣች፣ «እማዬ፣ ቴራፒ አፖይንትመንት ይዤልሻለሁ» አለች። እማማ ስሂን ሁሉንም እሺ እያሉ ተቀበሉ፤ በልባቸው ግን የበሽታውን ስም ያውቁታል። ስሙ መንገሻ ነው። ከዓመት ዓመት ማንኪያዋን ይዘው አሌክሳንድሪያ የሚቆሙትም በዚህ ነበር። «እጄ ሳይደርቅ ላጉርስ» ይላሉ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ በዋለው ፋሲካ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከሰልፉ መሃል አንድ ትከሻ ሰፊ፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ደረሰ፤ በርክ ከሚባል ሰፈር የመጣ፣ ለደብሩ እንግዳ። እንደ ሌሎቹ አልተከራከረም። ማንኪያዋን ሲያይ ፈገግ አለና ቀድሞ አፉን ከፈተ።

እማማ ስሂን የመጀመሪያውን አጎረሱት። «አንተ ደግሞ ማን አሠለጠነህ?»

«አባቴ ነዋ፣ እማማ። እኛ ቤት ያለ ክፉዋ ልጅ ማንኪያ ፋሲካ አይበላም።»

«የማን?»

«የክፉዋ ልጅ።» ሰውየው ሳቀ። «አባታችን ሁልጊዜ በፋሲካ ማንኪያ ከእጃቸው ጋር አስረው፣ ልክ እንደ እርስዎ፣ ይሰድሩናል። ተልባ ሦስት ሦስት ማንኪያ። እንግዳም ይሁን፣ ቄስም ይሁኑ አይቀርም። ስናለቅስ 'ዝም በሉ፤ ይቺ የዚያች ክፉ ልጅ ማንኪያ ናት፤ እሷ ባትከለክለኝ እናንተ የላችሁም' ይሉን ነበር።» ከዚያ ዓይኑ ከማንኪያዋ ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ፊታቸው ወጣ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«አባትህ ማን ይባላሉ?»

«መንገሻ።»

«አሉ?»

«አርፈዋል። ጠግበው፣ ሸምግለው፣ ሰባት ልጅ ወልደው ነው ያረፉት።»

ከኋላ አንድ ወጣት ጮኸ፤ «ኧረ እማማ፣ ኬላው ተዘጋ እኮ! ርቦናል!»

እማማ ስሂን ሁለተኛውን ማንኪያ ሞሉ። ግማሹ በሰውየው ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ። «ሲረግሙኝ ነበር?» አሉ በቀስታ።

«እርስዎን?» አለ ሰውየው። «ያቺን ልጅ ባገኛት እጇን እስማለሁ እያሉ ነው የኖሩት። እኔ ተሻገር እባላለሁ፤ የመጨረሻ ልጃቸው ነኝ።»

ጎንበስ ብሎ ያቺን የተኮማተረች እጅ ከነማንኪያዋ፣ ከነክሯ ሳመ። አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለአባቱ። ለየወንድሞቹና ለየእህቶቹም ሊቀጥል ሲል እማማ ስሂን ጆሮውን ያዙት።

«በቃ፤ ሰው ርቦታል። ሦስተኛህን ዋጥና እለፍ። ስጨርስ ና።»

ሰልፉን እስከ መጨረሻው ሰው አጎረሱ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጡና፣ ቤዛዊት እስክትደነግጥ ድረስ አለቀሱ። «ግራንማ፣ አር ዩ ኦኬ? ምን ሆንሽ?» ትላለች ልጅቱ፣ በድንጋጤ አማርኛው መጥቶላት። እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ድኖ ኖሯል። ተመስገን። ድኖ ኖሯል።»

ከዚያ ወዲያ የመጣው የምስጋና ዘመን ነው። ተሻገር በየሳምንቱ ከበርክ እየነዳ ይመጣል። ሀያትስቪል ያለችው እህቱ ልጆቿን ይዛ መጥታ እጅ አሳመች። አገር ቤት ያሉት ስልክ ደውለው እየተቀባበሉ አለቀሱ፣ ሳቁ፤ አንዷማ «እርስዎ ኖት በልጅነታችን ስንጠላዎት የኖርነው!» አለቻቸው። ፎቶ ተላከ፤ መንገሻ በመሃል፣ በዙሪያው ልጅና የልጅ ልጅ፣ አንገታቸው የማይታይ ሕፃናት ሁሉ። እማማ ስሂን ፎቶውን ከአልጋቸው ራስጌ ሰቅለው ጠዋት ጠዋት ያዩታል። ነጋን አንስተው ያዝኑለታል፣ ለአጸደም ይጸልዩላታል፤ እንደ እሷ አጉርሳ የበደለች የለችም፣ እንደ እሷ የወደደችም የለችም ይሉ ነበር። ያን ሕንዳዊ ሐኪም ደግሞ ስሙን ስለማያውቁት «ባለ መነጽሩ» ብለው በጸሎታቸው ያነሱታል፤ እግዜር ያውቀዋል ይላሉ። እጃቸው አልዳነም፤ እንዲያውም ባሰበት። ግን ሲያማቸው «ይቺ አርትራይተስ!» ማለት ጀመሩ። ጸዳለ ይህን ለውጥ ያስተዋለችው ዘግይታ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ በፈረንጆቹ ክረምት ማብቂያ እማማ ስሂንን ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ንግግራቸውም ቀስ እያለ ተመለሰ። ጉሮሯቸው ግን መዋጥ እምቢ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ማገገሚያ ቤት ተኝተው ሲመረመሩ፣ የሚጎርሱት ሁሉ ወደ ሳንባቸው እንደሚወርድ ታወቀ። ሐኪሟ ጠጣር ነገር ፈጽሞ እንዳይቀምሱ፣ ወፈር ያለ ፈሳሽ በትንሽ ማንኪያ፣ እየቆዩ ብቻ እንዲሰጣቸው አዘዘች። ጸዳለ ሞከረች፤ እናቷ በዓይናቸው ሲለምኗት ማቆም አቃታት፣ ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። ያን ጊዜ ነርስነት መማር የጀመረችው ቤዛዊት ቦርሳ ከፍታ ማንኪያዋን አወጣች፤ ክሩን በራሷ እጅ አንጓ ላይ አሰረች። «ኦኬ፣ ግራንማ። አፍሽን ክፈቺ» አለች። ጉሮሯቸው ሲወርድ ዓይኗን ተክላ አየች፤ ጠበቀች፤ ከዚያ ሁለተኛውን ሰጠች።

ፋሲካ ደረሰ። አሌክሳንድሪያ ተልባውን የሚያጎርሰው ተሻገር ሆነ። ሲጨርስ በቀጥታ ወደ እሳቸው መጣ። ሊስማቸው ሲጎነበስ እማማ ስሂን አፍንጫቸውን ወደ ሸሚዙ አስጠጉ።

«ዶሮ በልተሃል።»

«በላሁ፣ እማማ። እንኳን አደረሰዎት።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።» ከዚያ የማትዘረጋዋን እጃቸውን አንስተው እጅጌውን ያዙ። «ትንሽም ብትሆን አንድ ጉርሻ አምጣልኝ። በአባትህ።»

ተሻገር ቤዛዊትን አየ። ቤዛዊት አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። በሩ ላይ የቆመችው ጸዳለ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተሻገር ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ከእጅጌው ላይ አላቀቀ፤ ሁሉንም እየሳመ።

«አባቴ የሉም፣ እማማ» አለ።

እማማ ስሂን ቀና ብለው አዩትና እስኪያስላቸው ሳቁ። «አቤት፣ ለካ እንዲህ ነው የሚያስርበው» አሉ። «መንገሻ እውነቱን ነበር።» ዓይናቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ አዞሩ፤ ልጃቸው፣ የልጅ ልጃቸው፣ የመንገሻ ልጅ። «ተመስገን ነው እንጂ። እኔም ክፉ ሰው አላጣሁም። ዘመድ አይችልም ያለው ባለ መነጽሩ፣ መጥቶ ባያችሁ።»

ቤዛዊት ማንኪያዋን አቀረበች። ዋጡ። ጠበቁ። ሁለተኛውን ዋጡ። ከሦስተኛው በኋላ ግን የሸሚዙ ሽታ እንደገና ሳይመጣባቸው አልቀረም፤ እንደ ሕፃን ልጅ አፋቸውን ከፍተው፣ «ልጆቼ፣ ይቺን አንዲት ጉርሻ ብቻ፤ በሞቴ» አሉ።

ማንም አላጎረሳቸውም።